የውስጠኛው ሸራ

የተቃጠለ ፍሬን ሽታ የማውቀው ከ9 አመቴ ጀምሮ ነው። 1987 ዓ.ም ክረምት፣ ትምህርት ተዘግቶ ደብረ ማርቆስ አያቴ ጋ ልሄድ፣ አጎቴ በሚነዱት ኤን ትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በእሳቸውና በረዳታቸው መሀል ተቀምጬ፣ ከኋላ ማዳበሪያ እስከ አፉ ተጭኗል፣ ጎሃ ጽዮን ስንደርስ መኪናው ዳር ያዘ። ምሳ ልንበላ መስሎኝ ነበር። ረዳቱ ወርዶ በየጎማው እየዞረ እጁን ፍሬኑን ውስጡ የያዘው ክብ ብረት፣ ታምቡሮው፣ አጠገብ እያስጠጋ ሙቀቱን አየ፣ ታኮውን በቀላሉ ሚያነሳበት ቦታ አስቀመጠ፣ አጎቴም ውሃ ጠጥተው ተመለሱና ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገቡ።

አባይ በረሃን ያልወረደ ሰው ካለ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝም ብሎ ወደ ታች ነው። ላይ ጉም ውስጥ ሹራብ ለብሳችሁ ትጀምሩና ድልድዩ ጋ ስትደርሱ በላብ ትጠመቃላችሁ። አጎቴ ያን ሁሉ መንገድ ሞተሩ እየጮኸ ማርሹ መኪናውን ይዞት፣ እግራቸው ፍሬን ላይ የሚያርፈው አልፎ አልፎ ነበር፣ ሲያርፍም ጠበቅ አድርገው ይይዙና ወዲያው ይለቁታል። «ጋሼ፣ ለምን ዝም ብለው አይዙትም?» አልኳቸው። «ሸራው ይተንፍስ እንጂ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ አይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። ሸራ ያሉት ፍሬን ሲያዝ እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆመውን ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የቆመ መኪና አገኘን። ከኋላ ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል፣ በሁሉም ጎማ ስር ድንጋይ ተደርጓል፣ ሹፌሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ይዟል። ሽታው ያኔ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው፣ የጎማም አይደለም የዘይትም አይደለም፣ ደረቅና ጉሮሮ ሚቧጥጥ ነገር ነው። አጎቴ ወርደው ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና «ውሃ እንዳታፈስበት፣ በራሱ ይብረድ» ብለውት ሄድን። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋችሁ ይሰነጠቃል፣ ለዛ ነው። ይሄን የተረዳሁት ግን ከብዙ አመት በኋላ ነው።

አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ የምነዳው ደግሞ የ1999 (እ.ኤ.አ.) ማዝዳ ሚያታ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ጣሪያዋ የሚከፈት ትንሽ ስፖርት መኪና። 140 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት፣ በዘመኑ መኪና ሚዛን ምንም አይደለም፣ ግን እኔ ተቀምጬባት 1,100 ኪሎ አካባቢ ስለሆነች ጥምዝ መንገድ ላይ የምትሰጠውን ደስታ ትልቅ ሞተር አይሰጥም። ይሄን መኪና ስገዛ ሁሉም ሰው የጠየቀኝ ስለ ፍጥነቷ ነው። ስለ ፍሬኗ የጠየቁኝ አጎቴ ብቻ ናቸው፣ በስልክ፣ ከአዲስ አበባ።

እኔም እሺ ብዬ አንድ ጋራዥ ወስጄ አሳየሁ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ በቸርኬው ቀዳዳ አየና «ግማሽ አለው፣ አታስብ» አለኝ። አላሰብኩም። ወር ሳይሞላ ከፊት በቀኝ በኩል ብረት በብረት ሲፋጭ ሰማሁ፣ ጎማውን ስፈታው የውጪው ሸራ እንደተባለው ግማሽ አለው፣ የውስጠኛው ግን አልቆ ብረቱ ዲስኩን፣ ሸራዎቹ ከሁለት በኩል የሚይዙትን ክብ ብረት፣ እንደ ማረሻ አርሶታል። በቸርኬ ቀዳዳ ሚታየው የውጪው ብቻ ነዋ! ቨርጂኒያ በየአመቱ የደህንነት ምርመራ አለ፣ የዲስክ ሸራ ከ2/32 ኢንች፣ ማለትም ወደ 1.6 ሚሊሜትር፣ ከወረደ አያልፍም፣ ግን ምርመራው በአመት አንዴ ነው፣ ሸራ ደግሞ ቀን ቆጥሮ አያልቅም። በጣም ተናድጄ ነበር። ንዴቱ ሲበርድ ግን ከዚ በኋላ ይሄን መኪና ፍሬኑን ከኔ ሌላ ማንም አይነካውም አልኩ፣ እስካሁንም አልነካውም።

እስኪ ስለ ሸራ ትንሽ ላውራ፣ ቃሉን ስለምወደው። እኛ አገር መካኒክ ሁሉ ፍሬን ሸራ ነው ሚለው፣ ድንኳኑም ሸራ፣ የጭነት መኪና መሸፈኛውም ሸራ፣ ፍሬኑም ሸራ። አሁን የምንገዛው የተጠፈጠፈ ብረትና ሬንጅ መሳይ ሙጫ ሲሆን ለምን ሸራ ይባላል ትሉ ይሆናል፣ ግን የመጀመሪያዎቹ እውነትም ጨርቅ ነበሩ። እንግሊዝ አገር ኸርበርት ፍሩድ የሚባል ሰው ባለጋሪዎች ቁልቁለት ላይ አሮጌ ጫማ ጎማው ላይ እያስደገፉ ጋሪያቸውን ሲያዘገዩ አይቶ ነው ነገሩን የጀመረው ይባላል፣ እ.ኤ.አ. 1897 ላይ ፌሮዶ ሚባለውን ስራውን መሰረተ፣ መጀመሪያ የሸመነው ጥጥና ፀጉር በሙጫ የተነከረ ነበር። በኋላ ነው አስቤስቶስ የመጣው፣ ሙቀት ስለሚችል ለብዙ አስር አመታት በየመኪናው ገባ፣ ከዛ ሳንባ ላይ ሚያደርሰው ጉዳት ታወቀና ተተወ። ግን የፍሬን ብናኝ ዛሬም ቢሆን በአየር መንፊያ አትንፉ፣ በአፋችሁማ በፍፁም። በፍሬን ክሊነር አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት።

የዲስክ ፍሬን ሀሳቡም የቆየ ነው፣ ላንቸስተር የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ፓተንት አውጥቶበታል፣ አለም በደንብ ያመነው ግን እ.ኤ.አ. 1953 ላይ ጃጓር ሲ-ታይፕ በዲስክ ፍሬን ለ ማን የሚባለውን የፈረንሳይ የ24 ሰአት ውድድር ሲያሸንፍ ነው። ከድራም፣ ማለትም ከታምቡሮው፣ ምን ለየው ካላችሁ፣ ያው አጎቴ ያሉት ነው፣ ይተነፍሳል። ታምቡሮ ሙቀቱን ውስጡ አፍኖ ይይዛል፣ ዲስክ አየር ላይ የተሰጣ ነው።

ሙቀቱ ስንት ነው ለሚለው አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ አስልቼው ገርሞኛል። ሚያታዬ ከ60 ማይል ወደ ዜሮ አንዴ ስትቆም ፍሬኖቹ የሚውጡት ጉልበት አንድ ሊትር ተኩል ለማይሞላ ውሃ፣ ከቧንቧ ቀድታችሁ እስኪፈላ ድረስ፣ ይበቃዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ፍሬን ስትይዙ! ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ እጥፍ አይደለም ሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው። አብዛኛው ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ላይ ነው ሚያርፈው፣ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚደፋ። ስለዚህ ሸራ ስትመርጡ የምትመርጡት ሙቀት ነው፣ በየትኛው ሙቀት ላይ እንዲሰራላችሁ ነው ምትፈልጉት? እኔ ይሄን ጥያቄ መጠየቅ ሲገባኝ የጠየቅኩት ግን የቱ ነው ትልቁ የሚለውን ነው።

ገበያው ላይ ያለው በግርድፉ እንዲህ ነው። ኦርጋኒክ ሚባለው ለስላሳ ነው፣ ዲስክ አይበላም፣ አይጮህም፣ ግን ቶሎ ያልቃል ሙቀትም ብዙ አይችልም። ሴራሚክ ሚባለው ብናኙ ትንሽ ነው፣ ቸርኬ አያጠቁርም፣ ፀጥ ያለ ነው፣ ለከተማ መኪና ግሩም። ከፊል ብረት የሆነው ደግሞ ሙቀቱን ወደ ራሱ እየሳበ የበለጠ ይችላል፣ መጀመሪያ ስትነኩት ይነክሳል፣ ግን ይጮሃል ያቆሽሻልም። ከነዚህ በላይ ነው የውድድር ሸራ ያለው፣ ዲስኩ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎም መያዙን የማይለቅ። አሜሪካ የሚሸጥ ሸራ ጠርዙ ላይ ሁለት ፊደል አለው፣ ኤፍ ኤፍ ወይ ጂ ጂ ወይ የተቀላቀለ፣ የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። በሰበቃ መለኪያ ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ እስከ 0.45፣ ጂ እስከ 0.55። ብዙ ሰው ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል እንጂ ይሄን አያይም፣ ግን እኔ ከካርቶኑ ይልቅ እነዚህን ሁለት ፊደላት አምናለሁ፣ ሁሉን ነገር ባይነግሩም ሁለቱ ከተለያዩ ሲግል ባህሪው እንደሚቀየር ይነግሯችኋል።

እና እኔ ምን ገዛሁ? የውድድር ሸራ። ያኔ ሰሚት ፖይንት ልሄድ ተመዝግቤ ነበር፣ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የመኪና መሮጫ፣ እና ትልቅ ሙቀት የሚችል ከገዛሁ ለትንሹም ይበቃል ብዬ አሰብኩ። አይበቃም። ጥር ላይ፣ ሌሊቱን በረዶ አድሮበት ጠዋት ከቤት ወጥቼ የመጀመሪያው ቀይ መብራት ጋ እንደ ሁልጊዜዬ ፍሬን ነካሁ፣ መኪናው ግን እንደ ሁልጊዜው አልያዘም። ፔዳሉ እንደ እንጨት ደርቋል፣ በሙሉ ጉልበቴ ረገጥኩት፣ ቆመ፣ ግን መስመሩን አልፎ እግረኛ ማቋረጫው መሀል ነው የቆመው። አንዲት እናት የልጇን ጋሪ ገፍታ ልትገባ አንድ እርምጃ ነበር የቀራት። ወደ ኋላ ሳበችው። ምንም አልሆኑም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ መስኮት ከፍቼ ይቅርታ ስላት ድምፄ አይወጣም። ያን ፊት ዛሬም አልረሳሁትም።

እንዲህ ያለው ሸራ ቀዝቃዛ ሲሆን እንደተኛ ሰው ነው፣ ካልሞቀ አይነቃም፣ እኔ ደግሞ ከቤቴ እስከ ስራ ስሄድ እሱን የሚያነቃ ሙቀት በጭራሽ አልፈጥርም። ብናኙም ብረት ስለሆነ ቸርኬው ላይ ዝጎ ቀለሙን በላው፣ ግን እሱ ምንም አይደለም። ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስመለስ ከፊቴ ካለው መኪና ሶስት መኪና ያህል ርቄ ነዳሁ፣ ቅዳሜ ሲመጣ አወጣሁት።

አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መፍታት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ውድብሪጅ ቤት የገዛ ጓደኛዬ ጋ ነው ምሄደው፣ ጋራዥ አለው፣ ባለቤቱም ቡና ታፈላልናለች። መጀመሪያ መኪናው መሬት ላይ እያለ የጎማውን ብሎኖች ላላ አደርጋለሁ፣ ከዛ ክሪክ፣ ከዛ ከስሩ የብረት መቆሚያ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር እጄንም አላስገባም። ኮፈኑን ከፍቼ የፍሬን ዘይቱን ክዳን ላላ አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ ሲመለስ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ሞልቶ ከፈሰሰ ደግሞ የመኪና ቀለም ይልጣል። የፊቱ ቀላል ነው፣ ታችኛውን ብሎን በ14 ቁልፍ ፈትቶ ካሊፐሩን፣ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠውን፣ ወደ ላይ ማጠፍ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ከፈታችሁት ግን በሽቦ እሰሩት እንጂ በቱቦው አታንጠልጥሉት፣ ቱቦው ውስጡ ይጎዳል ከውጪ ደግሞ አይታይም።

ከዚ በኋላ ያለው ነው ዋናው፣ ሰው የሚያልፈውም እሱን ነው። ካሊፐሩ ሁለት ፒኖች ላይ ወዲህ ወዲያ እየተንሸራተተ ነው ሚሰራው። ፒስተን ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ በውስጥ በኩል፣ እሱ የውስጠኛውን ሸራ ዲስኩ ላይ ይገፋና በግፊያው ካሊፐሩ ራሱ ተንሸራቶ የውጪውን ይስባል። ፒኑ ግሪሱ ደርቆ ወይ ዝጎ ከያዘ ካሊፐሩ አይንሸራተትም፣ የውጪው ሸራ ስራ ፈቶ ይቀመጣል፣ የውስጠኛው ብቻውን ሁሉን ይሸከማል። የኔ የፊት ቀኝ እንደዛ ነበር። ፒኑን ለማውጣት ከግማሽ ሰአት በላይ ታገልኩት፣ ሲወጣ ቡናማ ሆኖ ነው የወጣው፣ ማን እንደነካው ለመጨረሻ ጊዜ ፈጣሪ ነው ሚያውቀው። በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ለፍሬን የሚሆነው ሙቀት ሚችለው ሲሊኮን ግሪስ ተቀብቶ ሲመለስ በአንድ ጣት ይሄዳል። ተራ ግሪስ አታድርጉበት፣ የጎማ ሽፋኑን ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ጎማ ፒኑን መልሶ ይይዘዋል።

አዲስ ሸራ መግጠም የ5 ደቂቃ ስራ ነው። ሌላው ሁለት ሰአት የሚሄደው ለዚህ ለማይታየው ነው፣ ሸራው የሚቀመጥበትን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ማንሳት፣ ክሊፖቹን መቀየር፣ ፒኖቹን ማየት። ለዛም ነው ጋራዥ ሲቸኩል የሚያልፈው።

የኋላው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚሰራው እዛው የኋላ ካሊፐር ውስጥ ስለሆነ ፒስተኑን እንደ ፊቱ በመጭመቂያ ክላምፕ ልግፋው ካላችሁ ትሰብሩታላችሁ። ከጀርባው ትንሽ መሸፈኛ ብሎን አለ፣ እሱን ስትፈቱ ውስጥ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ አለ፣ 4 ሚሊ ቁልፍ አስገብታችሁ ወደ ግራ ስታዞሩ ፒስተኑ በራሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ሸራው ከገባ በኋላ ወደ ቀኝ ታዞራላችሁ፣ ዲስኩ በእጅ አልዞር እስኪል፣ ከዛ ሲሶ ዙር ትመልሳላችሁ። ይቺን ያላወቀ ሰው ወይ የእጅ ፍሬን ያጣል ወይ ሸራው ሁልጊዜ እየነካ ይግላል። መጀመሪያ ያደረግኩት ቀን ወደ ግራና ወደ ቀኙን በእስክሪብቶ እጄ ላይ ፅፌ ነበር።

ጎማው ተመልሶ መኪናው መሬት ከነካ በኋላ፣ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። መጀመሪያ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ ፒስተኖቹ ከሸራው ርቀው ስለሆነ። ይሄን ረስቶ በኋላ ማርሽ ከጋራዥ የወጣ ሰው ከኋላው ያለውን ግድግዳ ወይ ሰው ነው የሚያገኘው።

እና መግራት አለ። አዲስ ሸራ ወዲያው አይይዝም፣ ከላዩ በጣም ስስ የሆነ የራሱ ሽፋን ዲስኩ ላይ እኩል መለጠፍ አለበት። እሁድ ጠዋት መንገድ ጭር ሲል እወጣና ከ60 ማይል ወደ 10 ጠንከር አድርጌ አዘገያለሁ፣ ሳልቆም መልሼ እነሳለሁ፣ 8 ወይ 10 ጊዜ፣ ሸራው ሲሸት ይገባችኋል፣ ከዛ ሳልቆም ፍሬንም ሳልነካ እስኪበርድ እነዳለሁ። ያለመቆሙ ነገር ምክንያት አለው፣ በግለቱ ረግጣችሁ ከቆማችሁ ሸራው ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ማህተም ይተዋል፣ በኋላ መሪው ይንቀጠቀጥና ዲስኩ ተጣመመ ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ ተጣመመ የሚባለው ዲስክ ሳይጣመም ሸራው ላዩ ላይ እኩል ሳይለጠፍ ቀርቶ ነው።

አሁን ሁለት አይነት ሸራ ነው ያለኝ። አመቱን ሙሉ የምነዳበት ቀዝቃዛ ሲሆንም የሚይዘው ነው፣ የውድድሩ ደግሞ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ለሰሚት ፖይንት ቀን ዋዜማ ይገባል፣ ስመለስ ይወጣል። ብዙ ሰው አንድ ሸራ ለሁለቱም የሚሆን አለ ይለኛል፣ መሀል ላይ ያሉ አሉ አውቃለሁ፣ ግን ያቺን እናት ካየሁ በኋላ መሀል ላይ ያለ ነገር አልፈልግም።

ሰሚት ፖይንት ዋናው መሮጫ 2 ማይል ነው፣ 10 ኩርባ አለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አለ። 2,900 ጫማ የሚሆን ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሮጣችሁ መጨረሻው ላይ አንደኛው ኩርባ ይጠብቃችኋል፣ ሚያታዬ እዛ ስትደርስ 100 ማይል አካባቢ ናት፣ በዛች አጭር ቦታ ወደ ግማሽ መውረድ አለባት፣ 20 ደቂቃ ውስጥ ይሄ 12 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሸራው ምንም አልሆነም። 8ኛው ዙር ላይ ግን ፔዳሉ ከወትሮው በታች ወረደ፣ ቀጥሎ ደግሞ ይበልጥ ለሰለሰ። አጠገቤ የተቀመጠው አስተማሪ ከኔ ቀድሞ ገብቶታል፣ «ቀስ በል፣ አሁን ውጣ» አለኝ በእርጋታ። ሸራ ቀይሬ ዘይቱን አልቀየርኩም ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፣ ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲገባው ግን መስፈርቱ ራሱ 155 ነው። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፣ እግራችሁ አረፋውን ሲጨምቅ ሸራው ጋ ምንም አይደርስም።

ቀስ ብዬ አንድ ዙር ፍሬን ሳልነካ አስተንፍሼ ወጣሁ፣ ቆምኩ፣ የእጅ ፍሬን አልሳብኩም፣ ጎማው ስር እንጨት አደረግኩ። በሩን ስከፍት ሽታው መጣ። ያው ሽታ! ዌስት ቨርጂኒያ ዛፍ ስር ቆሜ 9 አመቴ ሆነ፣ ያ ድንጋይ ስር የተደረገበት መኪና፣ ጭንቅላቱን የያዘው ሹፌር። እዛ ቁልቁለቱ አንድ ረጅም ሙቀት ነው፣ እዚህ አጭር አጭር እሳት ነው፣ ግን አስተማሪው በምሳ ሰአት የነገረኝ ነገር አጎቴ ካደረጉት አይለይም፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ከዛ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ፣ በመሀል እግርህን አታንጠልጥልበት።

ለአጎቴ ደውዬ ነገርኳቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል፣ ግን ስለ ፍሬን ሲወራ ድምፃቸው ይነቃል። የቱን ዘይት እንደገዛሁ፣ አየሩን ከየትኛው ጎማ ጀምሬ እንዳስወጣሁ አንድ በአንድ አስነገሩኝ። ባለፈው መስከረም፣ ሸራ ስቀይር፣ በቪዲዮ ደወልኩላቸው። ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው፣ ያወጣሁትን ሸራ ካሜራው ላይ አስጠጋሁ።

«ስንት ቀረው?»

«6 ሚሊ ጋሼ።»

«እኩል ነው የበላው?»

አዞርኩላቸው። መነፅራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ ስክሪኑን ፊታቸው ብቻ ሞላው።

«ጥሩ ነው። ይሄ የውጪው ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እሺ፣ የውስጠኛውንስ?»

ስልኩን ጎማው ላይ አስደግፌ ጎንበስ አልኩ።